ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ
የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩአየር፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉንፋኑስ ለቀቀዎት? ከአዳማ የላኳቸው የባልትና መጽሐፍዎ ገጾች በአቶ ባንታየሁ ስልክ በኩል ደርሰውኛል። ያመስግኑልኝ፤ ማተሚያ ቤት የሚያስተዳድር ሰው የእርስዎን ገጽና ደብዳቤ ፎቶ እያነሳ ሲልክ መዋሉ ቀላል ውለታ አይደለም።

ለጠየቁኝ ልመልስ። አዎ፣ ምድጃችን የጋዝ ነው። በርበሬና ሽሮ ሁርሊንግሃም ካለው የሐበሻ ሱቅ እገዛለሁ። ጎመኑ ግን እዚህ ሱኩማ የሚሉት ነው፤ ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ እርስዎ ከጻፉት በላይ እሳት ይፈልጋል። ከገጹ ግርጌ ቢያስገቡት ውጭ አገር ላለ አንባቢ ይጠቅማል።

ማን ማን እንደሚቀምስልዎም ማወቅ ፈልገዋል። አራት ነን። መብራህቶም ከአየር ማረፊያው የጭነት ክፍል ሲወጣ ርቦት ስለሚመጣ ሁሉም ይጥመዋል፤ ለምስክርነት አይሆንም። ሃበን አሥራ አምስት ሊሞላት ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ከየቋንቋው እየቀነጨበች ነው። አራተኛው የመብራህቶም አባት፣ አቦይ ዘርኣጽዮን ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የሠሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። ባለቤታቸው እማማ ምሉእ ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ልባቸው ስለደከመ ሐኪም ጨው ከልክሏቸዋል፤ ድስታቸው ለብቻ ነው። ሳህናቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ይገቡና ግማሹን ይመልሱታል።

የመጀመሪያውን የምስር ወጥ ማክሰኞ ለምሳ ሠራሁት። ገጹን ቃል በቃል ነው የተከተልኩት። መብራህቶም ማታ ቀምሶ «አክስትሽ እጇ ጠንካራ ነው» አለ። ሃበን ውሃ እየደጋገመች ጠጣች። የተረፈውን ከድኜ አስቀመጥኩት፤ በማግስቱ ብከፍተው ድስቱ ተጠርጎ አልቋል! አንዲት ፍሬ ምስር አልተረፈችም።

ለመሆኑ ጎረቤት ለምን አያቀምሱም? ቀጣዩን ገጽ ቶሎ ይላኩልኝ። እጄን ሥራ ማስፈታት አልወድም።

እታገኘሁ


አዳማ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታገኘሁ ልጄ፣

ድስቱ ተጠርጎ ተገኘ ማለትሽን ለአቶ ባንታየሁ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ማገላበጥ ቀጠለ። የማተሚያ ቤት ሰው ደስታ ማሳየት አይችልበትም መሰለኝ።

ስለ ጉንፋኑ ደግመሽ አትጠይቂኝ። ባለፈው ዓመት የመጣ፣ ባለፈው ዓመት የሄደ ነገር ነው።

«ጎረቤት ለምን አያቀምሱም» ላልሽው፣ ጎረቤት አፍ ላይ ያመሰግንሻል፣ ከበር ሲወጣ ሌላ ነው። ደግሞ እኔ ስሠራ አጠገቤ ቆሞ ፊቴን የሚያይ ሰው አልፈልግም። አንቺ ሩቅ ነሽ፤ በእጅሽ የያዝሽው ገጹን ብቻ ነው። መጽሐፍ ገዝታ ብቻዋን የምትሠራ ልጅም እንደዚያው ናት።

ሽሮውንና የጎመን ወጡን ልኬልሻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ባልትና ሳስተምር የጠላሁት አንድ ነገር ቢኖር «ጨው በሚበቃው መጠን» ብሎ መጻፍ ነው። በሚበቃው መጠን ማለት ለማታውቅ ልጅ ምን ማለት ነው? እኔ በማንኪያ ነው የምጽፈው። እንደጻፍኩት አድርጊ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ወጥ የምታማስል የቢሮ ሠራተኛ ከየት መጣች?

አክስትሽ ጥሩአየር


ናይሮቢ
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩአየር፣

ቢሮው አንዳንድ ቀን ከቤት ሆነን እንድንሠራ ፈቅዶልናል። በዚህ አያስቡ።

ዝናቡ ጀምሯል። ጠዋት ሁሉም ሲወጣ ከመስኮት ወደ መስኮት እሄዳለሁ፤ የታጠበውን አጥባለሁ፤ ስልኬን አይቼ አስቀምጥና ወዲያው መልሼ አነሳለሁ። ገጽዎ ሲደርሰኝ ነው እፎይ የምለው። ሽንኩርት ስከትፍ ሌላ አላስብም።

እሑድ ዕለት ግን ብቻዬን አልነበርኩም። መብራህቶም ሽንኩርት ያዘ፣ ሃበን ገጹን ልታነብልን ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አ-ቁ-ላ-ሉ» አለች። «ያለ ዘይት? ማሚ፣ ይቃጠላል እኮ! ሲሪየስሊ?»

«ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ ነዋ» አለ መብራህቶም እንባውን በክንዱ እየጠረገ። «አያትሽ እንደዚያ ነበር የምትሠራው።»

ዞር ስል አቦይ በሩ ላይ ቆመዋል። መብራህቶም እንደሚለው በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ወጥ ቤት ገብተው አያውቁም።

«ምሉእ» አሉ፣ «መስኮት ትከፍት ነበር። ሽንኩርት ስትይዝ መጀመሪያ መስኮት ነው።»

ካረፉ ወዲህ ስማቸውን ሲጠሩ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። ሃበን ከወንበሩ ወርዳ መስኮቱን ከፈተች። አቦይም ወንበሩን ወረሱትና ሽሮው እስኪወርድ ከዚያ አልተነሱም። የእሳቸውን ያለ ጨው ለብቻ አወጣሁላቸው። የእኛንም ድስት እንደ ልማዱ በማግስቱ ባዶውን አገኘሁት። መብራህቶም ሃበን ናት ይላል፤ ሃበን አባቷን ትላለች።

አንድ ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። የሾርባ ማንኪያ ሲሉ የትኛውን ማለትዎ ነው? እዚህ ትልቅም ትንሽም ይሸጣል። ለጥንቃቄ ያህል ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

እታገኘሁ


አዳማ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታገኘሁ፣

የሾርባ ማንኪያ የሾርባ ማንኪያ ነው። ያስተማርኩሽም በእሱ ነው። የበዛ ወይም ያነሰ ነገር ካለ «እትዬ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ማለት ነው እንጂ ማንኪያ ማስለካት ምን ይሉታል? እናትሽም እንዲህ ነበረች። ጫማ ጠቧት እያነከሰች «መንገዱ ነው» ትል ነበር።

ካልተሳሳትኩ ደግሞ አልተሳሳትኩም ማለት ነው። በየደብዳቤሽ ድስቱ ባዶ ሆነ እያልሽኝ ስለሆነ፣ የጾሙን ክፍል ከፋሲካ በኋላ ማተም እንዲጀምር ለአቶ ባንታየሁ ፈቅጄለታለሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» እያለ ሦስቴ ጠየቀኝ። ምን እንደነካው እንጃ።

የዶሮ ወጡ ገጽ ይኸው። ከመጽሐፉ ሁሉ የማከብረው እሱን ነው። ለፋሲካ ሥሪውና በማግስቱ ጻፊልኝ። ብልቱን አደራ፤ ሃበን ብልት ማውጣት የምትማርበት ዕድሜ ላይ ናት።

ስለ ሥራሽ የመለስሽልኝ መልስ አልጣመኝም።

ጥሩአየር


ናይሮቢ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩአየር፣

እንኳን አደረሰዎ። ሳልጽፍ በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በዓሉ በሰላም አልፏል። ዝናቡ መንገዱን ሁሉ ይዞታል።

አቦይ ትንሽ አልተመቻቸውም።

አቶ ባንታየሁ ማተሙን ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆይ ቢነግሩልኝ። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። እባክዎ።

እታገኘሁ


አዳማ
ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታገኘሁ፣

ስልክ አልወድም፤ ቢሆንም ደወልኩ። ሃበን አነሳች። «ማሚ ሆስፒታል ናት፣ አክስቴ፣ ፖሌ» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። ፖሌ አይዞሽ ማለት መሆኑን አቶ ባንታየሁ ነገረኝ። እኔ ልጅቷን ላጽናና ሲገባኝ እሷ እኔን ታጽናናለች።

ማን ነው ሆስፒታል ያለው? በምን? ከመጽሐፌ መታተም ጋር ምን አገናኘው? ብዙ አልጠይቅሽም። እውነቱን ብቻ ጻፊ።

ጥሩአየር


ናይሮቢ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩአየር፣

ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምጽፍልዎ።

የታመሙት አቦይ ናቸው። ዛሬ ይሻላቸዋል። ይህንን ያስቀደምኩት ሌላውን ተረጋግተው እንዲያነቡልኝ ነው።

ጨዉ በዝቷል፣ እትዬ። ከመጀመሪያው ምስር ጀምሮ በሁሉም ገጽ ላይ በዝቷል። ምስሩን እኔ ከሁለት ጉርሻ በላይ አልቻልኩትም። ሃበን ሽሮውን ስትቀምስ ዓይኗን ጨፍና ነበር የዋጠችው። መብራህቶም እጇ ጠንካራ ነው ያለው ለማለፍ ብሎ ነው። ድስቱን ግን ከድነን ትተነው ስንሄድ በማግስቱ ባዶ እናገኘው ነበር፤ ያ እውነት ነው። እርስ በርሳችን ስንጠራጠር የሚበሉት አቦይ ኖረዋል፤ አሁን ራሳቸው ነገሩን። መብራህቶምና ሃበን ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ሲሉ፣ እኔም ገበያ ስወጣ እሳቸው ቀዝቃዛውን ወጥ በዳቦ እያጠቀሱ ይጨርሱት ነበር። እኔ ደግሞ «አንዲት ፍሬ አልተረፈችም» ብዬ ጻፍኩልዎ። የጻፍኩት ውሸት አልነበረም፤ ግን ዋሽቻለሁ።

ለፋሲካ ዶሮውን እንደጻፉት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው አድርጌ ሠራሁት። ለአቦይ ያለ ጨው ትንሽ ለይቼ ነበር። ማዕድ ላይ ሳህኑን ገፋ አደረጉና፣

«ለፋሲካም ገለባ ልታበሉኝ ነው?» አሉ።

«አቦይ፣ ሐኪሙ...» ስል፣

«ሐኪሙ ዛሬ ቤቱ በግ እየበላ ነው» አሉና ከእኛው ትሪ ጎረሱ። እንባቸው መጣ። መብራህቶም ሊከለክላቸው እጁን ሰደደና መልሶ ተወው። እማማ ምሉእ ካረፉ ወዲህ አባቱ ከልባቸው ሲበሉ አይቶ አያውቅማ። እኔም ተውኩት። ሁላችንም ተውነው፤ እንዲያውም ሳቅን።

በማግስቱ ትንፋሽ አጠራቸው። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ። በታክሲ አምጥተን ስናስገባቸው ሳንባቸው ውሃ ይዞ ነበር። ሐኪሟ «ምን በሉ?» ስትላቸው በኦክስጅኑ ውስጥ «ምግብ» ብለው መለሱላት።

መብራህቶም ኮሪደሩ ላይ ጠየቀኝ።

«ጨዉ እንደበዛ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም? ገጹን ብታስተካክል ይሄ ሁሉ ባልመጣ!»

ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የሚነጋገረው ስለ መድኃኒት ብቻ ነው።

ለምን እንዳልነገርኩዎ ግን ለእርስዎ ልንገርዎ። ሥራ የለኝም። ድርጅቱ ከጥር ጀምሮ ብዙዎቻችንን አሰናብቶናል። ከቤት መሥራት የሚባል ነገር አልነበረም። ጠዋት ሁሉም ሲወጣ እኔን የሚጠብቅ አንድም ሰው የለም፤ የሚጠብቀኝ የእርስዎ ገጽ ብቻ ነበር። ጨው በዝቷል ብዬ ቅር ቢሰኙብኝና መላኩን ቢያቆሙስ ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው።

መጽሐፉ ከታተመ ሌላ ሰው ቤትም እንደ አቦይ ያለ ሰው ይኖራል። እባክዎ ያስቁሙት።

እታገኘሁ


አዳማ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታገኘሁ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ በአቶ ባንታየሁ ስልክ አልላክሁትም። ወደ ናይሮቢ ለምትመለስ የጎረቤቴ ልጅ፣ ለዛራ፣ አሽጌ ሰጥቻታለሁ። የዘገየሁትም እሷን ስጠብቅ ነው፤ ደግሞም ብዕር ሳነሳ እጄ እምቢ እያለኝ።

ባለፈው ዓመት ጉንፋን ያልኩሽ ሲለቀኝ ሽታና ጣዕም ይዞብኝ ሄደ። መጀመሪያ ያወቅሁት በወተት ነው። ወተት ጥጄ ሳሎን ተቀምጬ ሳነብ ጎረቤት በሩን ደበደበች፤ ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ እኔ ምንም አልሸተተኝም። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በርበሬው ያቃጥለኛል፣ ግን በርበሬ በርበሬ አይለኝም። ቅቤና ዘይት አንድ ሆነውብኛል። ዕድሜዋን ሙሉ በምላሷ የኖረች ሴት ምላሷ ሲሞት ለማን ትናገራለች? ለተማሪዎቿ? መጽሐፉን ጀምሬው ስለነበር እጄ ያውቀዋል ብዬ ቀጠልኩ። እውነትም እጄ ብዙውን ያውቃል። ጨው ላይ ግን ከዳኝ። አንድ ማንኪያ ጨምሬ እቀምሳለሁ፣ ምንም የለም። ሁለተኛ እጨምራለሁ፣ ምንም የለም። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር የነካኝ ሲመስለኝ ሦስት ብዬ እጽፋለሁ።

ለአንቺ የላክሁት ለዚህ ነው። ፊቴን ሳታዪ ቀምሰሽ እንድትነግሪኝ። አንቺ ደግሞ ልታስደስቺኝ ዋሸሽኝ። ተናድጄብሻለሁ። የተናደድኩት ግን በራሴ ላይ ካለው ተርፎ ነው።

ማተሚያ ቤት በእግሬ ሄጄ «አቁም» አልኩት። አቶ ባንታየሁ መነጽሩን አውልቆ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እትዬ፣ ባለቤቴ ሽሮውን ሞክራው ነበር። እኔም አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት።»

አየሽ፣ አገር ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከማተሚያ ቤቱ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

አቦይ ዘርኣጽዮንን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እንደምጠይቅ ንገሪልኝ። መብራህቶምንም እንደዚያው። ስለ ሥራሽ ምን ልበልሽ? ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ገጽ አላቆምብሽም ነበር፤ እንዲያውም እጥፍ አድርጌ እልክልሽ ነበር።

ጥሩአየር


ናይሮቢ
ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ጥሩአየር፣

ይህን የምጽፈው እኔ ዘርኣጽዮን ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ ይታገሱኝ። ከሆስፒታል ወጥቼ በልጄ ቤት እገኛለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ እታገኘሁ ደብዳቤዎን ለእኔና ለመብራህቶም አነበበችልን። አንብባ ስትጨርስ መብራህቶም ተነሥቶ ሻይ አፍልቶ አመጣላት። ካኮረፈ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ማወቅ የሚፈልጉ ስለመሰለኝ ነው።

ይቅርታዎን አልቀበልም፤ የሚቀበሉት በደል ሲኖር ነውና። የድስቱ ሌባ እኔ ነኝ። ጨው እንደተከለከልኩ ልቤም እግሬም ያውቃል። ያደረግሁት ግን ምሉእ ከሞተች በኋላ የምበላው ሁሉ ጥጥ ጥጥ ስላለኝ ነው። ጥፋቱ የጨው ማጣት ይመስለኝ ነበር። የእርስዎን ምስር ስቀምስ አፌ ነቃ። ሰው በመሆኔ ደስ አለኝ። ሆኖም አሁን ስተኛ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ነው፤ የልጅ ልጄም በሩን ከፍታ እያየችኝ ትሄዳለች። ያንን ዓይኗን ዳግመኛ ማየት አልሻም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ እደፍራለሁ። በዚህ ቤት ሁሉም ሰው እንድበላ ይለምነኛል፣ እንዴት እንደምበላ የሚያውቅ ግን የለም፤ ሁሉም ይጣፍጠዋልና። እርስዎ ከማንም የባሰ ነገር ደርሶብዎታል። ታዲያ እርስዎ እንዴት ነው የሚበሉት? ማለቴ፣ ጠዋት ተነሥተው ምን ብለው ነው እንጀራ የሚቆርሱት?

ዘርኣጽዮን


አዳማ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቦይ ዘርኣጽዮን፣

ስንት ሰው «አይዞሽ ይመለሳል» አለኝ። እንዴት እንደምበላ የጠየቀኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

መጀመሪያ አልበላም ነበር። ከስቼ ቀሚሴ ከላዬ ሲወርድ ደነገጥኩ። ከዚያ ምላሴን ትቼ ጥርሴን ማዳመጥ ጀመርኩ። የተቆላ ሽምብራ ይንኮሻኮሻል። ቀዝቃዛ እርጎ ላይ ትኩስ ዳቦ ሳጠቅስ ሙቀትና ቅዝቃዜው አብረው ይመጣሉ። ቃሪያ ያቃጥለኛል፤ ሚጥሚጣም። ዝንጅብል አፍንጫዬ ድረስ ይወጣል። ጣዕም አይደሉም፤ ቢሆንም አንድ ነገር አፌ ውስጥ መግባቱን ይነግሩኛል። ለዚያም ነው የምቆርሰው።

እርስዎ ግን ከእኔ ይሻላሉ፤ የተከለከሉት ጨው ብቻ ነው፣ ሎሚውም ነጭ ሽንኩርቱም ጥቁር አዝሙዱም ይጣፍጥዎታል። ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ከዚህ ጋር ሁለት ገጽ ልኬያለሁ። አንዲት ቅንጣት ጨው የላቸውም። ምስሩ በሎሚና በተቆላ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሽምብራው በዝንጅብል። እርስዎ ይቅመሱና ይፍረዱ። የሐኪሟንም ፈቃድ ይጠይቁልኝ፤ ከእንግዲህ ያለ ሐኪም አልጽፍም። ካልጣመዎ «አልጣመኝም» ይበሉ። ካሞገሱኝ እቀየምዎታለሁ።

ጥሩአየር


ናይሮቢ
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩአየር፣

ሐኪሟ ሁለቱንም ገጽ አይታ ፈቅዳለች። የአቦይ ፍርድ ይኸውልዎ፤ በቃላቸው እንድጽፍ አዘውኛል። «ምስሩ ደህና ነው። ሽምብራው የከብት ነው።» ሃበን በሳቅ ወደቀች። ትናንት ሽምብራውን ዝንጅብል ጨምረን፣ ሎሚ ጠብ አድርገንበት ደግመን ሠራነው። «አሁን የሰው ሆኗል» አሉ። መብራህቶም ከትፎ፣ ሃበን ቆልታ፣ እኔ ዳር ቆሜ ነው። ወጥ ቤታችን ለአራት ሰው ጠባብ ነው።

ባለፈው ስለጻፍኩልዎ የጁባ ሥራ የጠየቁኝን እስካሁን ያልመለስኩት ራሴም ስለማላውቀው ነው። የዕርዳታ ድርጅት ነው፤ ለስድስት ወር። ግቢ ውስጥ መኖር ግዴታ ነው፣ ቤተሰብ መውሰድ አይቻልም። ወረቀቱን እፈርምና እቀደዋለሁ፣ እንደገና አትመዋለሁ። አልጋዬ ላይ እንኳ በአንድ ጎን አልረጋም። መብራህቶም «ሂጂ፤ ቤት ስትቀመጪ እየከሰምሽ ነው» ይለኛል። ሃበን ወሬው ሲነሣ ክፍሏ ትገባለች። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

አሁን ደግሞ እርስዎ «እኔ ልምጣ ወይ?» ብለው ጻፉልኝ። ደብዳቤውን ማዕድ ላይ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ የተናገሩት አቦይ ናቸው።

«በየብስ እንዳይመጡ። በአውሮፕላን ይምጡ።»

መብራህቶም ሳቀና ቲኬቱን በሠራተኛ ቅናሽ እንደሚያወጣ ነገረኝ። ሃበን ግን ሳህኗን ይዛ ተነሣች። ይህንንም ልደብቅዎ አልፈልግም፤ ደስ አላላትም።

ይምጡልን፣ እትዬ። ፈርሜያለሁ።

እታገኘሁ


ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታገኘሁ ልጄ፣

ጁባ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? ወባ መከላከያውን ትውጫለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ጥሩንባው ጠዋት ጠዋት ያስደነግጠኛል እንጂ ሰፈራችሁ ጥሩ ነው። አትክልት የምትሸጠዋ ማማ ምቦጋ በስዋሂሊ ታወራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ እስካሁን ሱኩማ ጠይቄ ካሮት ይዤ አልተመለስኩም።

ስለ ሃበን አጥብቀሽ ጠይቀሽኛል። በስልክ «ደህና ናት» ያልኩሽ መብራህቶም አጠገቤ ስለነበረ ነው። ደህና አልነበረችም። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ከክፍሏ አትወጣም፣ ሳህኗን በር ላይ ነበር የምተውላት። አንድ ቀን «አክስቴ፣ ማሚ ሄደች፣ እርስዎ መጡ፤ ግን ይሄ እኮ ስዋፕ አይደለም» አለችኝ። ስዋፕ ልውውጥ ማለት መሆኑን አቦይን ጠይቄ አወቅሁ። ልክ ናት፣ አይደለም።

ያለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ሆነ። ልደብቅሽ አስቤ ነበር፤ መደባበቁ ይብቃን።

ከሰዓት በኋላ ነው። አቦይ ተኝተዋል። ድስት ጥጄ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ነፋስ ገብቶ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ጋዙ ግን እየወጣ ነው። እኔ ምን ይሸተኛል? ቆይቼ እሳቱ መጥፋቱን አየሁና ክብሪት አነሣሁ።

«ኖ!»

ሃበን ናት፤ ከትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነው። ቦርሳዋን ወርውራ ክብሪቱን ከእጄ መነጨቀችኝ። ጋዙን ዘጋች፣ መስኮቶቹን በሙሉ በረገደች፣ አቦይን ቀስቅሳ ደረጃው ድረስ አወጣችን። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«አይሸትዎትም?» አለችኝ። «ምንም? ምንም ምንም?»

«ምንም» አልኳት።

«እኔ ለምን አላውቅም? ማሚ ጨው ብቻ ነው ያለችኝ!»

ማንም በደንብ አላስረዳትም ነበር፣ ልጄ። እኛ ስንጻጻፍ እሷ በር ላይ ቆማ ነው ቁርጥራጩን የሰማችው። ስለዚህ እዚያው ደረጃ ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ወተቱ፣ ስለ መጽሐፉ፣ አንቺ ሥራ ስታጪ ለማንም ሳትናገሪ ሽንኩርት ስትከትፊ እንደከረምሽ። እሷም ነገረችኝ። አያቷ ሆስፒታል የገቡት በእሷ ይመስላት ነበር። ድስቱን ባዶ የሚያደርጉት እሳቸው መሆናቸውን አንድ ቀን ቀድማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አይታ ኖሯል። «ለማሚ እንዳትነግሪ» ብለው ሲለምኗት እሺ አለች። ይህንን ተሸክማ ነው ስድስት ወር ዝም ያለችው።

አቦይ ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ወርደው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ለመቀመጥ እንኳ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እኔ ነኝ ያስዋሸሁሽ» አሏት። «አንቺ ልጅ ነሽ፤ እኔ ሽማግሌ ሆኜ ነው ያስዋሸሁሽ።»

አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጎረቤት ሲያልፍ «ፖሌ፣ ፖሌ» እያለ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራዋን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው የምትሠራው። እኔ ምድጃ ስለኩስ ቀና ትላለች፤ «ኦኬ፣ አክስቴ» ስትለኝ እቀጥላለሁ። መብራህቶም የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ገዝቶ ሰቅሏል፤ እሷ ግን አታምነውም። ጨዉን የምትለካው እሷ ናት፤ እኔ በቃሏ እጽፋለሁ። ዶሮ ወጡን ያለ በዓል ሠርተነው አንድ ማንኪያ ላይ «ስቶፕ» አለችኝ። ብልት ማውጣትም ለምዳለች፤ ፈረሰኛው ላይ ትቸኩላለች እንጂ። ለአቦይ የሚሆነው፣ ጨው የሌለበት ክፍል ገና ሰባት ገጽ ነው፤ የሚጥሏቸው ከሚቀበሏቸው ይበልጣሉ። አቶ ባንታየሁ ለጥቅምት ይደርሳል ወይ ብሎ ጽፎልኝ ነበር። አይደርስም አልኩት። ይጠብቅ።

አንቺ ላይ ልምጣ። በስልክ ለመብራህቶም «ደህና ነኝ፣ ምግቡም ጥሩ ነው» እንደምትይው ነግሮኛል። ሃበን ግን «ማሚ ድምጿ ቀጥኗል» ትላለች። ዛሬ ማዕድ ላይ አራተኛው ወንበር ላይ እኔ ተቀምጬ፣ ሦስቱም ስላንቺ ሲያወሩ አመሹ፤ አንቺ ግቢ ውስጥ ከማን ጋር እንደምትበዪ የሚያውቅ ግን ከመሃላችን አልተገኘም።

ስለዚህ እኔ እጠይቅሻለሁ። ዛሬ ምን በላሽ? ከማን ጋር? ጣመሽ ወይ? ካልጣመሽ አልጣመኝም ብለሽ ጻፊልኝ።

አክስትሽ ጥሩአየር